ድንጋይ የምትልስ ዓሣ

ዓሣን በቤት ውስጥ ማኖር ለብዙዎቻችን እንግዳ ልማድ ነው። ውሻና ድመት፥ በግና ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ግቢ ሲኖሩ ያላየ የለም፤ ዓሣ ግን ለወጥ ወይም ለጥብስ ካልሆነ በቀር ከደጃችን አይደርስም ነበር። እኛም ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው መጥቶ፥ «በሳሎናችሁ ውስጥ የቆመ ውኃ ታኖራላችሁ፤ ስለዚያም ውኃ ሌሊት እየተነሣችሁ ትጨነቃላችሁ» ቢለን ኖሮ በሳቅ እንመልሰው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ «እኛ» ማለታችን ለማዕርግ አይደለም። የሚነገረው ስሕተት ጸሐፊውና ባለቤቱ አብረው የሠሩት ስለ ሆነ፥ አንዱ ብቻውን እንዳይሸከመው ብለን ነው።)

ነገሩ የጀመረው በአባታችን ነው። እናታችን በደምቢያ ባረፉ ጊዜ፥ የአርባውን ተዝካር አውጥተን አባታችንን ይዘናቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ቤታችን በኮልፌ ቀራንዮ፥ ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ነው። አባታችን ዕድሜአቸውን በሙሉ ከመገጭ ወንዝ አጠገብ ያረሱ ሰው ናቸው፤ ከእኛ ቤት ግን የሚታየው የጎረቤት የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበረ። ጧት ይነሣሉ፤ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ ከዚያም በሳሎኑ ወንበር ተቀምጠው ባዶውን ግድግዳ ሲመለከቱ ይውላሉ። «አባባ፥ እንዴት ዋሉ?» ስንላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አይጨምሩም። ይህ ዝምታ አራት ወር ሙሉ ቆየ። ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፤ ልባቸውም ሳንባቸውም ጤነኛ ነው አሉን።

በዚያው ሰሞን የባለቤታችን ወንድም ወደ ካናዳ ሲሄድ ዕቃውን ለዘመድ አከፋፈለ፤ ለእኛ የደረሰን የመስተዋት የዓሣ ሣጥን ነበር። ርዝመቱ 80፥ ወርዱ 35፥ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 126 ሊትር ይይዛል። ምን እንደምናደርገው ጨንቆን ሳለ የስምንት ዓመት ልጃችን፥ «ለአባባ ግድግዳው ላይ እናድርግላቸው» አለች። እኛም አሳቡን ወደድነው። ሣጥኑን አባታችን በሚመለከቱበት ግድግዳ፥ በምሥራቁ መስኮት አጠገብ፥ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። የመጀመሪያው ስሕተታችን ይህ መስኮት ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ ወደ አንድ የዓሣ ነጋዴ ሄደን በዐይናችን ገዛን። በዐይን ገዛን ማለታችን፥ የውኃውን ጠባይ፥ የዓሣውን አገር፥ የሚደርስበትን መጠን ሳንጠይቅ፥ ቀይ የሆነውንና የሚያብለጨልጨውን መርጠን ማለታችን ነው። አራት ወርቃማ ዓሦች፥ ስድስት ጉፒዎች፥ አንድ እቅፍ የውኃ ተክል ይዘን ተመለስን፤ ሁሉንም በዚያው ቀን ከቧንቧ በተቀዳ ውኃ ውስጥ ጨመርናቸው። ወርቃማው ዓሣ ቢመቸው ከስንዝር በላይ የሚያድግ፥ እንደ በግም ቅጠል የሚግጥ መሆኑን ያወቅነው ተክሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ግንዱ ብቻ ሲቀር ነው።

በሁለተኛው ወር መስተዋቱ አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ እንደ ጤዛ ያለ ስስ ሽፋን ነበረ፤ ቀጥሎ እንደ ለስላሳ ፀጉር ረዘመ፤ በመጨረሻም ዓሦቹ ከመጋረጃ ኋላ እንደሚመላለሱ ጥላዎች ሆኑ። አባታችን ግን ማየታቸውን አልተዉም፤ ወንበራቸውን ወደ መስተዋቱ አንድ ክንድ ያህል አቀረቡ። እኛ ያን እንደ ትልቅ ነገር ቆጠርነው።

ለነጋዴው ብንነግረው፥ «መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አልጌ የሚበላ ዓሣ ልስጣችሁ» ብሎ በሰፊው «የቻይና አልጌ በል» የሚባለውን አንድ ቀጭን ዓሣ ሸጠልን። ስሙ ቻይና ይበል እንጂ አገሩ ታይላንድና ጎረቤቶቿ ናቸው። አፉ እንደ ማጣበቂያ ነው፤ መስተዋቱ ላይ ይለጠፍና ይልሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራውን እንደ ታታሪ ሠራተኛ ሠራ፤ እኛም አመሰገንነው። ነገር ግን ይህ ዓሣ በልጅነቱ አልጌ ይወድ እንጂ ባደገ ቍጥር ጠባዩ ይለወጣል። ሰፋፊ ጎን ባላቸው ዓሦች ላይ እየተለጠፈ በቆዳቸው ላይ ያለውን ንፍጥ ይመጣል፤ ቆዳውም ይቆስላል። ይህን ከእኛ በፊት ያዩት አባታችን ናቸው። አንድ ማታ እራት ስናቀርብ፥ ከአራት ወር ዝምታ በኋላ፥ እንዲህ አሉን፤

«ይህ ያመጣችሁት አሽከር የሚያጸዳው መስተዋቱን አይደለም። ጓደኞቹን ነው።»

ልጃችን ሳቀች፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። እኛ ግን ወደ ጓዳ ገብተን ተላቀስን ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣጥኑ የቤቱ ጉዳይ ሆነ። እንዲህም ሆኖ ሁለተኛው ስሕተታችን ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። በሠፈራችን ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈረቃው ይረሳል። አንድ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ጠፍቶ በዐሥረኛው ሌሊት ሲመጣ፥ ሮቶውን ከመሙላታችን በፊት ለዓሦቹ እናስብ ብለን የሣጥኑን ግማሽ ውኃ ደፍተን በዚያው በቀዝቃዛው የቧንቧ ውኃ ተካነው። ቸርነት መስሎን ነበር። ሲነጋ ሰባት ዓሦች በጀርባቸው ተንሳፈፉ። ለሰው ጤና ሲባል በቧንቧ ውኃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ከዚህም በላይ በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳል። የዓሣ ኵስና የተረፈ ምግብ በመጀመሪያ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ እርሱን ወደ ናይትራይት፥ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ጕዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጠዋል። ይህ የማይታይ ማኅበር በአዲስ ሣጥን ውስጥ ለመቋቋም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ እኛ ግን በመጀመሪያ ሳይቋቋም ዓሣ ጨመርን፥ በኋላም ከተቋቋመ ወዲያ በአንድ ሌሊት አፈረስነው። አሁን ለለውጥ የሚሆነውን ውኃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድተን ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ከፍተን እናሳድረዋለን፤ ከሣጥኑም በሳምንት ከአምስት እጅ አንዱን እንጂ ከዚያ በላይ አንለውጥም።

ያን ዕለት ጧት አባታችን የሞቱትን በማንኪያ አንድ በአንድ እያወጡ በጋዜጣ ላይ ደረደሩ። ምንም አልተናገሩም። እኛም ዝምታው ተመልሶ እንዳይመጣ ፈራን። ስለዚህ ማንበብ ጀመርን።

ከንባባችን ሁሉ ደስ ያሰኘን የአንድ የለንደን ኬሚስት ታሪክ ነው። ሮበርት ዋሪንግተን ይባላል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የሚባለውን ረጅም ቅጠል ያለውን የውኃ ተክል አብሮ እንዳኖረ ይናገራል። ዓሣው የሚያወጣውን አየር ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ በብርሃን የሚሠራውን ኦክሲጅን ዓሣው ይተነፍሳል። ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ የተክሉ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃው ደፈረሰ፥ መስተዋቱም አረንጓዴ ለበሰ። ዋሪንግተን ከኵሬ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች አምጥቶ ጨመረ፤ እነርሱም የበሰበሰውንና አረንጓዴውን በሉት፥ ውኃውም ጠራ። «አኳሪየም» የሚለውን ስም በዛሬው ትርጕሙ ጎስ የሚባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ያስለመደው ከዚያ በኋላ በ1854 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ስሙ ሳይወጣለት ችግሩም መድኃኒቱም ነበረ ማለት ነው። የአልጌው ነገር ያስጨነቀን እኛን ብቻ አለመሆኑን ስናውቅ ልባችን ቀለል አለው።

አልጌ ራሱ ጠላት አይደለም። ብርሃንና ምግብ ባገኘበት የሚበቅል ፍጥረት ነው፤ ያለ ልክ ሲበቅልም የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ነው። የእኛ ሣጥን በምሥራቅ መስኮት አጠገብ ሆኖ የጧትን ፀሐይ ሁሉ ይጠጣ ነበር፤ ማታ ደግሞ ለአባታችን እንዲታያቸው ብለን መብራቱን እስከ አራት ሰዓት እናበራለን። ምግቡንም ልጃችን አንድ ጊዜ፥ እኛ አንድ ጊዜ፥ ሠራተኛችን አንድ ጊዜ፥ አባታችንም በስውር አንድ ጊዜ ይሰጡ ነበር። ይህን ሁሉ አንድ የጣት ርዝመት ያለው ዓሣ ልሶ እንዲጨርስልን መጠበቃችን ሞኝነት ነበር። መጋረጃ ሰቀልን፤ መብራቱን በቀን ሰባት ሰዓት ብቻ አደረግን፤ መመገቡን ለአባታችን ብቻ ተውን። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ አረንጓዴው በግማሽ ቀነሰ። ለዚህ የወጣው ገንዘብ የመጋረጃው ዋጋ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የምርጫ ጉዳይ ነው። ዋናውን ቁም ነገር በአንድ ቃል ብንናገር፥ ዓሣ የሚመረጠው ለዐይን ሳይሆን ላለን ውኃ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውኃችን የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል። በባሕር ወለል ላይ 26 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውኃ ወደ 8 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ሊይዝ ሲችል፥ በእኛ ሳሎን ያው ውኃ የሚይዘው 6 ገደማ ነው። ውኃው 18 ዲግሪ ቢሆን ግን ወደ 7 ከፍ ይላል። መጻሕፍቱ የሚያሞግሷቸው አብዛኞቹ ዓሦች የአማዞንና የእስያ ቆላ ልጆች ናቸው፤ ሙቀት ይፈልጋሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የእኛ ሣጥን ያለ ማሞቂያ እስከ 17 ዲግሪ ይወርዳል። ማሞቂያ ብናስገባ ደግሞ መብራት በሄደ ቍጥር ውኃው ይሞቃል ይቀዘቅዛል፤ ይህ መዋዠቅ ከብርዱ ይልቅ ይገድላል።

በዚህ ሚዛን ስንመዝን ብዙዎቹ ወደቁ። ኒዮን ቴትራ የሚባለው፥ በጎኑ ሰማያዊና ቀይ መብራት የተለጠፈበት የሚመስለው፥ ልጃችን ያለቀሰችለት ነው፤ ግን ሞቅ ያለ ውኃ ይሻል። ኦቶሲንክለስ የተባለው የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ከአልጌ በሎች ሁሉ የዋሁ ነው፤ ከአምስት ሴንቲ ሜትር አያልፍም፥ ማንንም አይነካም። እርሱም ብርድ አይችልም፤ ከዚህም ሌላ በመንገድ ተርቦ ስለሚመጣ፥ አልጌው በደንብ ባልተቋቋመበት አዲስ ሣጥን ቢጨመር በረኃብ ያልቃል። ፕሌኮ የሚሉትን ነጋዴው የጣት ያህል አድርጎ ያሳያችኋል፤ ያ ጣት ግን ወደ ክንድ ያድጋል። አርባ ሴንቲ ሜትር የሚደርስን ዓሣ 80 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቤት ማስገባት በሬን በዶሮ ቆጥ እንደ ማሳደር ነው።

በመጨረሻ ያገኘነው «ነጭ ደመና ተራራ» የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ነው። ከአራት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ጎኑ የብር መስመር፥ የክንፉ ጫፍ ቀይ ነው። አገሩ በደቡብ ቻይና በጓንዡ ከተማ አጠገብ ያለ ተራራ ሲሆን፥ ታን የሚባል የስካውት መሪ ከዚያ ምንጭ አገኘው፤ በ1932 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ሲመዘገብም የሳይንስ ስሙ በእርሱ ተሰየመ። የተራራ ልጅ ስለ ሆነ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ያለውን ቅዝቃዜ ይወዳል፤ ማሞቂያም አያስፈልገው። በተወለደበት ተራራ ግን ብዙ ጊዜ ጠፋ ተብሎ ታዝኖለት፥ በኋላ ጥቂት ቅሬታ ብቻ ተገኘ። በየአገሩ ሳሎን ግን ይርመሰመሳል። ነጋዴው አንድ ጊዜ አስመጥቶ ዐሥራ ሁለት ገዛን። ዓሣው ማኅበር ወዳድ ስለ ሆነ ሁለትና ሦስት ብቻ ሲሆን ፈርቶ በጥግ ይሸጎጣል፤ ከስድስት በላይ ሲሆን ግን መካከሉን ይወጣል። ለመስተዋቱ ጽዳት ደግሞ ማንንም አልገዛንም። ከተክሉ ሥር ተለጥፈው ሳንጋብዛቸው የመጡ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ቀንድ አውጣዎች ነበሩና፥ ቀድሞ እያሳደድን ስንጨፈልቃቸው የኖርነውን፥ የዋሪንግተንን ታሪክ ካነበብን ወዲያ ይቅርታ አድርገን ተውናቸው።

የቀረው የዚያ የአልጌ በሉ ጉዳይ ነበር። አንድ ወዳጃችን፥ «ምን ያስጨንቃችኋል? ከድልድዩ ሥር ጅረቱ ውስጥ ጣሉት፤ ነፃ ይውጣ» አለን። አባታችን ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው፥ «እምቦጭም እንዲሁ ነው የመጣ» አሉት። ይህን የተናገሩት በዐይናቸው አይተው ነው። እምቦጭ የአማዞን ተክል ነው፤ ስለ አበባው ውበት ከኵሬ ወደ ኵሬ፥ ከአገር ወደ አገር የተሸከመው ሰው ነው። በአገራችን በቆቃና በአዋሽ መታየቱ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም.፥ በጣና ላይ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ተነገረ፤ ከዚያ ወዲህ የደምቢያ ገበሬ በእጁ እየነቀለ ሲታገለው ኖሯል። በሠፈራችን የሚያልፉት ጅረቶች ወደ ትንሹ አቃቂ፥ እርሱም ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ከኮልፌ የተጣለ ነገር በኮልፌ አይቀርም። ዓሣውን ትልቅ ሣጥን ላለው ሰው ሰጠነው።

አሁን ወደ ጽሑፋችን አርእስት ደርሰናል። በጥቅምት አንድ ምሽት ልጃችን ከቀንድ አውጣዎቹ አንዱን እያሳየች፥ «አባባ፥ በእናንተ አገር መስተዋት የሚልስ አለ?» ብላ ጠየቀች። አባታችን ዝም ካሉ በኋላ፥ «መስተዋት አልነበረነም፤ ድንጋይ የምትልስ ግን ነበረች» አሉ። ከዚያም እኛ በሕይወታችን ሰምተነው የማናውቀውን ነገሩን። በልጅነታቸው ከእኩዮቻቸው ጋር የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ዱቄቱን በወንዝ ይበትኑ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ልጆቹ በቅርጫት ይለቅማሉ። «ትልልቁን ለቀምን፤ ትንሹን ለውኃው ተውንለት። ከድንጋይ ላይ ተለጥፋ የምትኖር አንዲት ጣት የምታህል ነበረች። እርሷን ማንም አይበላትም። ግን እርሷም ከድንጋዩ ተላቃ፥ ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ፥ በብዛት ትሄድ ነበር። ልጆች ነን፤ ምን እናውቃለን። አሁን ነው ትዝ የሚለኝ።»

በብርብራ ፍሬ ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባለው መርዝ፥ ዓሣው በስንጥቡ ያስገባውን ኦክሲጅን ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ይከለክለዋል፤ ውኃው አየር ሳያንሰው ዓሣው ይታፈናል። ትልቁንና ትንሹን አይለይም። በክረምት ከጣና ወደ መገጭ፥ ወደ ድርማ፥ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ለመራባት የሚወጡት ትልልቅ ዓሦች፥ ሌላ ቦታ የማይገኙ ልዩ ልዩ ዝርያዎች ያሉበት ወገን ናቸው፤ በጉዞአቸው መረብና ብርብራ ሲጠብቃቸው ቍጥራቸው መመናመኑን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። አባታችን ይህን አላነበቡም፤ «ድሮ ድምፃቸው ይሰማ ነበር» ብቻ አሉ።

ያቺ ድንጋይ ላሽ ዓሣ በሳይንስ «ጋራ» ትባላለች። ለአማርኛ ጆሮ ስሙ ተራራ ማለት ነውና፥ በተራራ ጅረት ስለምትኖር ከእኛ ቋንቋ የተወሰደ መስሎን ኩራት ተሰምቶን ነበር፤ ነገር ግን ሃሚልተን የተባለው ሰው በ1822 ዓ.ም. የጋንጀስን ወንዝ ዓሦች ሲጽፍ ከህንድ አገር ያመጣው ስም ነው። ኩራታችንን የመለሰልን ሌላው ነው፤ ከፍራንክፈርት የመጣው ሩፔል አገራችንን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1835 ዓ.ም. ከዚህ ወገን አንዷን ዝርያ በደምቢያ ስም ሰየማት፤ ጋራ ደምቤንሲስ። ይህን ስንነግራቸው አባታችን፥ «ስሟን ሳናውቅ ነው የገደልናት» አሉ። ጋራ በአገጯ ላይ እንደ ትንሽ ሳንቲም ክብ የሆነ መጣበቂያ አላት፤ በዚያ ድንጋዩን ይዛ ወራጁ ውኃ እያለፋት አልጌውን ትፍቃለች። አልጌ በል ፍለጋ እስከ ታይላንድና እስከ ደቡብ አሜሪካ በአሳብ ስንዞር፥ በገዛ ወንዛችን ያለችውን አለማሰባችን አሳፈረን።

እፍረትም ሌላ ስሕተት ይወልዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከልጃችን ጋር ከሆለታ ወዲያ ወዳለ አንድ ጅረት ሄደን፥ ድንጋይ እየገለበጥን በመረብ ሁለት ያዝን። በጀሪካን ሞልተን፥ ክዳኑን ገጥመን፥ በመኪናው ኋላ በፀሐይ አኖርነው። ከቤት ስንደርስ አንዷ ሞታለች። ሁለተኛዋን ከሌሎቹ ጋር ሳንቀላቅል በሰፊ የፕላስቲክ ገበታ፥ ከዚያው ጅረት ባመጣነው ድንጋይ ላይ አኖርናት፤ የአየር መንፊያም አደረግንላት። አባታችን ወንበራቸውን ከሣጥኑ ወደ ገበታው አዞሩ። ሦስት ቀን ተመለከቷት። ዓሣይቱ ድንጋዩን ይዛ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትልስ፥ ስንጥቧን እያፈጠነች ቆየች። በሦስተኛው ምሽት እንዲህ አሉን፤

«ልጆቼ፥ መልሷት። ይህ ውኃ ይቆማል። እርሷ የቆመ ውኃ አታውቅም፤ ወዴት ዞራ እንደምትቆም ጠፍቷታል።»

በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀን አባታችንን ጭምር ይዘን ሄድን። በዚህ ጊዜ ጀሪካኑ ክፍት ነበር፤ ልጃችን በጭኖቿ መካከል ይዛ በእርጥብ ፎጣ ሸፈነችው። የጅረቱ ውኃ ከክረምት በኋላ ጠርቶ ድንጋዩ ይታያል። አባታችን ጫማቸውን አውልቀው፥ እኛ ብንከለክላቸውም፥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ። ዓሣይቱን በመዳፋቸው ወስደው ከውኃው በታች እጃቸውን ከፈቱ። ወዲያው አልሄደችም፤ ጥቂት በእጃቸው ላይ ተጣብቃ ቆየች፥ ከዚያም ወደ ወራጁ ፊቷን አዞረችና ከአንድ ሰፊ ድንጋይ ሥር ገባች። እሳቸው ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ቆሙ።

ሲመለሱ በመኪናው ውስጥ ስለ መገጭ፥ ስለ እናታችን፥ እናታችንን በመጀመሪያ ስላዩበት መሻገሪያ ያለ ማቋረጥ አወሩ። ቀራንዮ ስንደርስ፥ «መንገዱ ሰላም ሲሆን ለሙት ዓመቷ ትወስዱኛላችሁ» አሉ። መንገዱ መቼ ሰላም እንደሚሆን ከቶ አልጠየቁንም፤ እኛም «እንወስድዎታለን» ብቻ አልን።

ሙት ዓመቱ በቤታችን ተከበረ። መንገዱ ገና ነው። አባታችን ሣጥኑን ይመግባሉ፤ ማታ ማታ ነጭ ደመናዎቹን በጣታቸው ይቈጥራሉ፤ ዐሥራ አንድ ሲሆኑ አንዷ ከቅጠል ሥር እስክትወጣ ድረስ ለመኝታ አይነሡም። እኛ በየሳምንቱ የፊቱንና የጎኑን መስተዋት በአሮጌ የስልክ ካርድ እንፍቃለን። የኋላውን ግን፥ በእሳቸው ትእዛዝ፥ አንነካውም፤ አረንጓዴው እዚያ እንደ ወንዝ ድንጋይ ወፍሮ ቀንድ አውጣዎቹ ይግጡታል።